«ጉንጬን ብነፋ ወጣት እመስላለሁ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ጉልት አለኝ። ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉንጬ ጎደጎደ፣ ዓይኔ ሥር ተሸበሸበ፣ ማድያትም ወጣብኝ። ልጄ በስልኳ የፊት ስፖርት አሳየችኝ፤ ጉንጭን በአየር ሞልቶ ከግራ ወደ ቀኝ ማንከባለል፣ ከንፈርን ማሾል፣ አፍ ገጥሞ መሳቅ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ጉልቴ ላይ ሆኜ ስሞክረው፣ ከጎኔ ድንች የምትሸጠዋ ጎረቤቴ «ምነው፣ ብርድ መታሽ እንዴ?» ብላ ሰው ሁሉ አሳቀችብኝ። እውነት ይሠራል? ወይስ አንዳንዶች እንደሚመክሩኝ ፊት የሚያጠራ ቅባት ይሻለኛል?

አንባቢዎ፣ ከአዲሱ ገበያ

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎ ከሳቅ በላይ ቁም ነገር አለው።

የሌላው ሰውነታችን ጡንቻ በአብዛኛው ከአጥንት ወደ አጥንት የተወጠረ ነው። የፊት ጡንቻ ግን አንዱ ጫፉ የሚያርፈው ቆዳ ላይ ነው፤ ስንስቅም ስንቆጣም ቆዳው አብሮ የሚታጠፈው ለዚህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ የፊት አጥንትም ይቀንሳል፣ ጉንጭ ይጎደጉዳል። «ጡንቻውን ብናፈረጥመው ጉድለቱን ይሞላል» የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሐሳቡ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ የአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪሞች ከ40 እስከ 65 ዓመት የሆናቸው ሴቶችን የፊት እንቅስቃሴ አሠሯቸው። ሴቶቹ ለ8 ሳምንት በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ 20ኛው ሳምንት በየሁለት ቀኑ ሠሩ። ፎቷቸውን ያዩ ሐኪሞች ጉንጫቸው ሞላ እንዳለ መሰከሩ፤ የገመቱላቸው ዕድሜም በአማካይ ከ50.8 ወደ 48.1 ወረደ። ነገር ግን ከጀመሩት 27 ሴቶች የጨረሱት 16 ብቻ ናቸው፤ ስፖርቱን ከማይሠሩ ሴቶች ጋርም አልተነጻጸሩም። እንግዲህ ተስፋ አለው፤ ማረጋገጫ ግን የለውም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ቦቶክስ የተባለው መርፌ የግንባርን መስመር የሚያለሰልሰው ጡንቻውን አስንፎ ነው። ስለዚህ ግንባርን ደጋግሞ መቋጠር መስመሩን እንዳያጎላው እሰጋለሁ። ልጅዎ ካሳየችዎ ውስጥ የጉንጩን ብቻ ይውሰዱ፤ ይህንንም ይጨምሩበት፦ አፍዎን «ኦ» እንደሚል ሰው ይክፈቱ፣ የላይኛውን ከንፈር ጥርስዎ ላይ ያጥፉ፣ እንደዚያው ሆነው በጉንጭዎ ፈገግ ይበሉ። ጉንጭዎ ወደ ላይ ሲሰበሰብ ጣትዎን ቀስ አድርገው ያሳርፉበት፤ ይልቀቁ፣ ይድገሙ። ሽንኩርትና ቃሪያ ሲነካ የዋለ እጅ ግን ሳይታጠብ ዓይን አጠገብ አይድረስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የክንድዎን የውስጥ ገጽ ከፊትዎ ጋር ያስተያዩት። ሁለቱም 46 ዓመታቸው ነው፤ የክንድዎ ቆዳ ግን ለስላሳ ነው። ልዩነቱን ያመጣው በአብዛኛው ፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ አሜሪካዊ ፎቶ አውጥቶ ነበር፤ በመስኮት በኩል ፀሐይ ያገኘው የግራ ፊቱ ከቀኙ ይልቅ እጅግ የተሸበሸበ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አዲሱ ገበያ ደግሞ እንጦጦ ሥር ነው። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጨረሩ አይሰማዎትም እንጂ ፊትዎ ላይ ሥራውን እየሠራ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጉልትዎ ላይ ትልቅ ዣንጥላ ይትከሉ፤ ሻሽዎ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ይደርቡ። አቅም ከፈቀደ 30 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ሰንስክሪን ይቀቡ። አውስትራሊያ ውስጥ ለ4 ዓመት ተኩል በየቀኑ የተቀቡ ሰዎች፣ ሲያሻቸው ብቻ ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ማድያትም ከፀሐይ ካልተጠበቀ ቢለቅ እንኳ ተመልሶ ይመጣል።

«ፊት የሚያጠራ» የተባለውን ቅባት ግን እባክዎ ይተዉት። ብዙዎቹ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹም ሜርኩሪ አለባቸው። ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉርና ቀይ የደም ሥር ያወጣል፤ ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። ለማድያቱ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ፤ አለርት ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው።

በመጨረሻ የጎረቤትዎ ቀልድ። «ብርድ መታው» የምንለው፣ አንድ ወገን ፊት በድንገት የሚዝልበት ሕመም፣ የፊት ነርቭ ጉዳት ነው። ጠዋት ሲጉመጠመጡ ውሃው በአፍ ጥግ ከፈሰሰ፣ አንዱ ዓይን አልከደን ካለ፣ ቤት ተቀምጦ ፊትን ማሸት ጊዜ ያባክናል። የስቴሮይድ ኪኒን በደንብ የሚረዳው በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው፤ የማይከደነውም ዓይን እንዳይደርቅ ጥበቃ ይሻል። እጅና እግር ከዛለ ወይም ንግግር ከተወላገደ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ደቂቃም አይባክን፤ ለእናንተ ሰፈር ጳውሎስ ሆስፒታል ቅርብ ነው። የፊት ስፖርት ከውበት ባለፈ የሕክምና ቦታ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ሕመምተኛው ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር መስታወት ፊት ተቀምጦ ፈገግታውን እንደገና ይለማመዳል።

እንግዲህ ጉንጭዎን ይንፉ፤ መጀመሪያ ግን ዣንጥላውን ይትከሉ። ሰፋ ያለ ከሆነም ድንች ሻጯን ጎረቤትዎን ያስጠጓት፤ እሷንም ያው ፀሐይ ነው የሚያገኛት።