ለመንገድ ላይ ንድፍ የውሃ ቀለም እንዴት ይመረጣል? በስድስት ቀለም መጀመር

ባለ 36 ወይም ባለ 48 ቀለም ሣጥን ይዞ መንገድ ላይ የወጣ ሰው ጊዜው የሚያልቀው ቀለም ሲያማርጥ ነው። እሱ ሲያማርጥ ጥላው ይዞራል፣ የቆመው ታክሲ ሞልቶ ይሄዳል፣ ቡና ስታፈላ የነበረችው ሴት ዕቃዋን ሰብስባ ትነሳለች። ለንድፍ የሚበጁት እጅ ሳይፈልግ የሚያገኛቸው ጥቂት ቀለሞች ናቸው። የትኞቹ እንደሚሆኑ ደግሞ የሚወስነው የሚሣለው ቦታ ነው። እዚህ አዲስ አበባን ምሳሌ አድርገናል፤ ሌላ ከተማ ያለ አንባቢ አካሄዱን ይዞ ቀለሙን መለወጥ ይችላል።

1. መጀመሪያ ቦታውን ይዩ

ሱቅ ከመግባትዎ በፊት አዘውትረው የሚሥሉበት ቦታ ቁጭ ብለው በሰፊው የሚታየውን ቀለም በእርሳስ ይዘርዝሩ። ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች የተረፉትን የሚሥል ሰው የዛገ ቆርቆሮ፣ ያረጀ የእንጨት በረንዳ፣ አቧራ የጠጣ ግድግዳና አስፋልት ይጽፋል። እንጦጦ የሚወጣው የባሕር ዛፍ ግራጫማ አረንጓዴ፣ ቀይ አፈር፣ መስከረም ላይ ደግሞ አደይ አበባ ይጽፋል። ከዝርዝሩ ውስጥ ደማቅ ቀለም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው አፈርማና ግራጫማ ይሆናል። ነጠላና ጋቢ ደግሞ ቀለም አይጠይቁም፤ ወረቀቱን ሳይቀቡ መተው ይበቃል። ስለዚህ ነጭ ቀለም ለመግዛት አይቸኩሉ።

2. ቱቦው ላይ ያለውን ኮድ ያንብቡ

አንዱ አምራች «ሎሚ ቢጫ» የሚለው ቀለም ከሌላው አምራች ሎሚ ቢጫ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሊያምኑት የሚገባው የፒግመንቱን (የቀለም ሰጪውን ዱቄት) ኮድ ነው። ከቱቦው ጎን ወይም ጀርባ በደቃቅ የላቲን ፊደልና በቁጥር ይጻፋል፤ ለምሳሌ ፒቢ 29 በየትኛውም ፋብሪካ ይሠራ አልትራማሪን ነው። ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ፦

• የኮዱ ብዛት። አንድ ኮድ ብቻ ያለውን ይምረጡ። ሁለትና ሦስት ኮድ ያለው ቀድሞ የተደባለቀ ስለሆነ ከሌላ ቀለም ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይደፈርሳል።

• ብርሃን የመቋቋም አቅሙ። በኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. መለኪያ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ደረጃ ያለው ይታመናል። አሊዛሪን ክሪምሰን (ፒአር 83) ያምራል፤ ግን ብርሃን ያደበዝዘዋል።

• «ሂዩ» የሚል ቃል። በስሙ የተጠራው ፒግመንት በሌላ ተተክቷል ማለት ነው። መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ምን እንደተተካበት ግን ከኮዱ ያረጋግጡ።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ባለ 24ቱን የተማሪ ሣጥን ትተው ፒግመንቱ የበዛ፣ ለባለሙያ የሚሠራ ቀለም ጥቂት ቱቦ ይግዙ።

3. በስድስት ይጀምሩ

• ቢጫ (ፒዋይ 154)፦ ለአደይ አበባና ለብሩህ አረንጓዴ።

• ቢጫ ኦከር (ፒዋይ 42 ወይም 43)፦ ለጭቃ ግድግዳ፣ ለደረቀ ሣር፣ ለአቧራ።

• በርንት ሲየና (ፒቢአር 7፤ አንዳንድ አምራቾች ፒአር 101 ይጠቀማሉ)፦ ለዝገት፣ ለቀይ አፈር፣ ለሰው ፊት።

• ክዊናክሪዶን ሮዝ (ፒቪ 19)፦ ከቢጫው ጋር ብርቱካንማና ቀይ፣ ከአልትራማሪን ጋር ወይን ጠጅ ይሰጣል።

• አልትራማሪን (ፒቢ 29)፦ ከላፒስ ድንጋይ ይፈጭ በነበረበት ዘመን እጅግ ውድ ነበር። ከ1820ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በፋብሪካ ስለሚሠራ ዛሬ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ሳይሳሱ ይጠቀሙበት።

• ታሎ ሰማያዊ (ፒቢ 15)፦ እንደ ሚጥሚጣ ነው፣ በብሩሽ ጫፍ ይበቃል። ወረቀት ላይ ከደረቀ በውሃ ማንሣት ያስቸግራል።

ጥቁር ከዝርዝሩ የሌለው ረስተነው አይደለም፤ ከአልትራማሪንና ከበርንት ሲየና ይወጣል።

4. ከመውጣትዎ በፊት ቤት ይደባልቁ

ስድስቱ ቀለሞች ሁለት ሁለት እየሆኑ 15 ጥንድ ይሰጣሉ። እያንዳንዱን ጥንድ ሦስት ጊዜ ይቀቡ፦ አንዱ አይሎ፣ እኩል ሆነው፣ ሌላው አይሎ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚፈዝ ፍርዱን ከደረቀ በኋላ ይስጡ።

ከሁሉም ትኩረት የሚገባው የአልትራማሪንና የበርንት ሲየና ጥንድ ነው። እኩል ሲሆኑ ከግራጫ እስከ ጥቁር የሚደርስ ቀለም ይወጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ውሃው ነው። ሰማያዊው ሲያይል የሐምሌ ደመና፣ ቡናማው ሲያይል ያረጀ እንጨት ይሆናል። ውሃ አብዝተው ሸካራ ወረቀት ላይ ሲለቁት አልትራማሪኑ ደቃቅ ፍሬ ሆኖ በወረቀቱ ስርጉድ ውስጥ ይተኛል፤ ሲየናው በዙሪያው ይሞቃል። ያ አንድ ቅብ ለዛገ ጣሪያ ይበቃል። ከደረቀ በኋላ የቆርቆሮውን መስመር አራት አምስት ጊዜ ሰረዝ ማድረግ ብቻ ይቀራል።

ለባሕር ዛፍ ኦከርን ከአልትራማሪን ጋር ይሞክሩ። ለጥድ ታሎ ከበርንት ሲየናና ከጥቂት ቢጫ ጋር ይስማማል። ታሎና ቢጫ ብቻቸውን የሚሰጡት አረንጓዴ ዓይን ይወጋል፤ ትንሽ ሲየና ሲገባበት ይረጋል።

«የሥጋ ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ሐምራዊ ነጭ ስለሆነ ለእኛ ሰው አይሠራም። የጠይም ፊት መነሻ በርንት ሲየና ነው። ለቀይ ዳማ ኦከርና ውሃ ይጨመርበታል፤ ጠቆር ላለ ፊት አልትራማሪንና ጥቂት ሮዝ ይገባበታል።

5. ሣጥኑን ያዘጋጁ

ግማሽ ፓን የምትባለው ትንሽ ጎድጓዳ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለምትይዝ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ቱቦ ሁለት ጊዜ ይሞላታል። በአንድ ጊዜ አይሙሏት፤ ግማሽ ጨምረው፣ አድርቀው፣ ቀሪውን ይድገሙ። የውሃ ቀለም ማሰሪያው የግራር ሙጫ ስለሆነ በበጋው ደረቅ አየር ይሰነጠቃል፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን አንዲት ጠብታ ያለሰልሰዋል። ከበዛ ግን ቀለሙ እንደተጣበቀ ይቀራል። በክረምት ደግሞ ሣጥኑን እርጥብ ሳለ አይዝጉት፤ ይሻግታል።

ከቢጫ ጀምረው ወደ ጥቁረት እየሄዱ ይደርድሩ። ታሎን ከቢጫው አርቀው ጥግ ያስይዙት። ብሩሽ በምላስ የማሾል ልማድ ካለዎት እዚህ ላይ ይቁም፤ አንዳንድ ፒግመንት ካድሚየምና ኮባልትን የመሰሉ ብረቶች አሉት።

6. ተጠቅመው ያጣሩ

ከእያንዳንዱ ንድፍ በኋላ የተጠቀሙባቸውን ቀለሞች በወረቀቱ ጀርባ ይጻፉ። አሥር ያህል ንድፍ ሲጠራቀም ጀርባ ጀርባውን ያንብቡ። ሁለት ውሳኔ ይጠብቅዎታል።

የመጀመሪያው ማስወጣት ነው። አንድም ጊዜ ያልተነካ ቀለም ምንም ቢያምር ይውጣ። ሁለተኛው ማስገባት ነው። ሦስት ቀለም የሚጠይቀውን አንድ ድብልቅ በየንድፉ የሚደግሙ ከሆነ ተዘጋጅቶ የተሸጠውን ቢገዙ አይነወርም፤ እንጦጦን የሚያዘወትር ሰው ዝግጁ አረንጓዴ ቢይዝ ጊዜ ይቆጥባል። መርካቶን የሚሥል ደግሞ ለፕላስቲክ ባልዲና ለጃንጥላ ቀይ የሮዝና የቢጫ ድብልቅ ሊደክምበት ስለሚችል ፒአር 254 ይጨምር። ያም ሆኖ ከስምንት ባያልፍ ይመረጣል።

አዲሱ ቀለም ሣጥን ከመግባቱ በፊት ይፈተን። በወረቀት ላይ ሰፋ ያለ ሰረዝ ቀብተው፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነው ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ይለጥፉ። ከሦስት ወር በኋላ ካርቶኑን ሲያነሱ ሁለቱ ግማሾች ከተለያዩ ቀለሙ ለሚቆይ ሥራ አይሆንም።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ቀለም በላይ አይለውጡ። የገባው በወጣው ቦታ ይቀመጥ፤ ሌሎቹን አያነቃንቁ። እጅ የእያንዳንዱን ቀለም ቦታ ሲለምድ ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ ማየት ይቀራል፤ ዓይንም የሚሣለው ነገር ላይ ይውላል።