የባልደረባን ስልክ ከራስ ጠረጴዛ ማንሳት

የሽያጭ ሠራተኛው ባንክ ሄዷል፤ ስልኩ ይጮኻል። ገዢው ጥቂት ጠብቆ ወደ ጎረቤት ነጋዴ ይደውላል። ይህን የሚያስቀረው የቡድን ጥሪ ማንሳት ነው።

በአስቴሪስክ የስልክ ማዞሪያ ለእያንዳንዱ የውስጥ ቁጥር ሁለት ነገር ይሞላል፦ ስልኩ የየትኛው ቡድን እንደሆነና የየትኛውን ቡድን ጥሪ ማንሳት እንደሚችል። የመጀመሪያውን ብቻ ሞልቶ ማዞሪያው ተበላሸ የሚል አይጠፋም። (ለዚህ ባለሙያ ጠርቶ የሚከፍልም አለ።)

ሽያጭን ቡድን 1፣ ሒሳብን ቡድን 2 ያድርጉ። ሒሳብ ሹሙ በ2 እንዳለ የ1ን ጥሪ እንዲያነሣ መፍቀድ ይቻላል፤ ዋጋ መደራደር ከቻለ ነው ታዲያ! ሌላው ስልክ ሲጮኽ ኮከብና 8 ይጫኑ፤ መለያው ካልተቀየረ ጥሪው እርስዎ ጋ ይመጣል። የሥራ አስኪያጁን ስልክ ግን ቡድን ውስጥ አያስገቡ፤ ጥሪያቸውን ሌላ ሰው እንዳያነሣባቸው።