የታሰረ ጡትና የስልክ ካርቶን

የውጭ ገበያ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ከአገር የሚወጣው ቡናና ሰሊጥ ነው። በስልክ ንግድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሼንዘን ላለው አምራች የውጭ ገበያው እኛ ነን። አንዋር መስጂድ ዙህር ሰግዳችሁ ወደ ተክለ ሃይማኖት ብትሄዱ፣ በሞባይል ሱቆች መስታወት ላይ የምታዩት ማስታወቂያ በአብዛኛው ባሕር ማዶ ታስቦ ለእኛ ዓይን የተላከ ነው። ቅዳሜና ክረምት የአባታቸውን ወይም የአጎታቸውን ሱቅ የሚያግዙ ተማሪዎችም በጀማዓችን አሉ። ይህ ትምህርት በተለይ ለእነሱ ነው።

ቴክኖን እንውሰድ። አምራቹ ትራንሽን በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ የቻይና ኩባንያ ነው፤ አይቴልና ኢንፊኒክስም የእሱ ናቸው። በገዛ አገሩ ስልኩን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ገበያዬ አፍሪካ ነው ብሎ ተነሣ። በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ። በ2016 ከማንችስተር ሲቲ ጋር የስፖንሰር ውል ተፈራረመ፤ የአዲስ አበባ ወጣት ቅዳሜና እሑድ የት ቁጭ እንደሚል ጠንቅቆ አውቋል ማለት ነው። ስልኩን ያሸጠው ግን ኳሱ ብቻ አይመስለኝም። በአማርኛ የሚጻፍበት ቁልፍ ሰሌዳ አቀረበ፤ ካሜራውን ጠይምና ጥቁር ፊት በደብዛዛ ብርሃን አጥርቶ እንዲያነሣ አስተካከለ፤ መብራት ለሚጠፋበት አገር ብዙ የሚቆይ ባትሪ አደረገለት። ሁለት ሲም መያዙ ብዙ የቴሌኮም ኩባንያ ባለባቸው ናይጄሪያና ኬንያ ትልቅ መስህብ ነበር። እኛ ዘንድ ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ እስኪጀምር ድረስ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ስለነበር፣ ያው ማስታወቂያ እዚህ ያን ያህል ጉልበት አልነበረውም። ለገዢው የሚሆነውን አጥንቶ መሥራትና ያንኑ መናገር ሐላል ነው፤ ዕቃን ባለው ነገር ማወደስ ማንም አልከለከለም።

ችግሩ የሚጀምረው ካርቶኑ ላይ ነው።

በንግድ ስለ ማታለል ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው ሙስሊም የዘገቡትን የእህል ክምር ሐዲሥ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ወደ ክምሩ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ያገኙበትን። ለማስታወቂያ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የ«ሙሰራህ» ሐዲሥ ይመስለኛል። ሻጩ ግመሏን ወይም በጓን ሳያልብ ይከርማል፤ ጡቷ ይወጠራል፤ ገዢ ሲያያት ሁልጊዜ እንዲያ የምትታለብ ይመስለዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ከለከሉ። ገዝቶ ካለባት በኋላ የነቃ ሰውም ከፈለገ ያስቀራታል፣ ካልፈለገ ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር ይመልሳታል። ልብ በሉ፦ እዚህ ውስጥ አንድም የውሸት ቃል የለም። ሻጩ ብዙ ትታለባለች አላለም። የተናገረው ጡቷ ነው።

አሁን ካርቶኑን አንሡ። ፊቱ ላይ በትልቁ «ራም 8 ጂቢ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ወይም ከጀርባ በደቃቅ ፊደል «4+4»። ሁለተኛው 4 እውነተኛ ራም አይደለም፤ ከስልኩ ማከማቻ ተቆርጦ እንደ ራም እንዲያገለግል የተደረገ ነው። ማከማቻ ከራም እጅግ ይዘገያል፤ የተቆረጠውም ለፎቶና ለቪዲዮ ከሚሆነው ቦታ ላይ ይቀነሳል። ዛሬ ብዙ አምራቾች ይህን ያደርጋሉ። ካሜራውም 50 ሜጋፒክስል ተብሎ ብዙውን ጊዜ አራት አራት ነጥብ እያዋሐደ የ12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ያወጣል። (የካሜራው በጎ ምክንያት አለው፣ በጨለማ ፎቶው ይጠራል፤ ከራሙ ጋር እኩል አልወቅሰውም።) ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ጡቱም ውሸት አልነበረም።

ስልኩ አማርኛ ይጽፋል፣ ካርቶኑ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከወራቤ ወይም ከከሚሴ የመጡ አባት ያንን ደቃቅ 4+4 ቢያዩትም ምን እንደሆነ አያውቁትም። «ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ፣ ደህናውን ስጠኝ» ይላሉ። ፉቀሃዎች እንዲህ ራሱን ለሻጩ እምነት የሰጠን ገዢ «ሙስተርሲል» ይሉታል፤ ከማሊኪና ከሐንበሊ ዑለማዎች ብዙዎቹ ዋጋ ከልክ በላይ ከተጫነበት ውሉን የማፍረስ መብት ይሰጡታል። ሲራራ ነጋዴን ገበያ ሳይደርስ ከመንገድ ተቀብሎ መግዛት የተከለከለውም ሰውየው የገበያውን ዋጋ ገና ስላላወቀ ነው።

ካርቶኑን ያተምኩት እኔ አይደለሁ፣ የምትሉ ትኖራላችሁ። በሻፊዒይ መዝሀብ የዕቃውን ጉድለት የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው እንኳ ለገዢው መንገር አለበት፤ ባንኮኒው ጀርባ የቆመማ እንዴት ያመልጣል? (የአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።) ሥራው ከባድ አይደለም። «ራሙ 4 ነው፤ ሌላው 4 ከሜሞሪው የሚበደረው ነው» ብሎ በአማርኛ፣ በስልጥኛ ወይም በኦሮምኛ መናገር አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሰውየው «ጎረቤትህ 8 ነው ብሎኛል» ብሎ ይወጣል፣ አጎትህም ከውስጥ ሆኖ ያይሃል። ያን ጊዜ የሐኪም ኢብኑ ሒዛምን ሐዲሥ አንሥተህ ለአጎትህ በአክብሮት አስረዳው፤ የሽያጩ በረካ የተያያዘው እውነት ከመናገርና ጉድለትን ከመግለጽ ጋር መሆኑን።

ስለ መመለስ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሻፊዒዮችና አብዛኞቹ ዑለማዎች የሙሰራህን ሐዲሥ እንዳለ ይዘው ገዢው ይመልሳል ሲሉ፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ በዚህ ምክንያት ብቻ አይመልስም ብለዋል፤ ድርጊቱ ሐራም መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም። በየሱቁ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀትም እዚህ ይገባል። በሐነፊ መዝሀብ ሻጩ ከጉድለት ሁሉ ነፃ ነኝ ብሎ ቢዋዋል ውሉ ይጸናል። በሻፊዒይ ነፃ የሚያወጣው ሻጩ ካላወቀው የእንስሳ ስውር ጉድለት ብቻ ነው፤ ለስልክ አይሠራም። በሁለቱም ዘንድ ሻጩ እያወቀ የደበቀበትን ወንጀል ያ ወረቀት አያነሣለትም።