መጀመሪያ ገበታውን ለጥ አድርጊው

ቆዪ እስቲ፣ መሳቢያውን ለጊዜው ተዪው። ወረቀቱ ላይ የሣልሻቸው መሳቢያዎች፣ የፑንታ መደርደሪያው፣ ጎማ የገባለት እግር ሁሉም ያምራሉ፤ ግን አንዳቸውም እንጨት አይነኩም። በራውተር ጠረጴዛ ላይ እንጨቱን የሚነኩት ገበታው፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት ላሜራና እንጨቱ ተደግፎ የሚያልፍበት ጋይድ ናቸው። የአንቺን እጅ የሚነካው ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ገንዘብሽንም ትዕግሥትሽንም እዚያ ላይ አውዪ። ሌላውን ከቁርጥራጭ ብትሠሪው ማንም አይወቅስሽም።

ራውተር፣ በሚዞር ፑንታ እንጨት የሚቀርጸው ማሽን፣ በእጅ ሲያዝ በእንጨቱ ላይ ይሄዳል፤ እንጨቱ ጎበጥ ቢልም ማሽኑ አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠረጴዛ ላይ ግን ማሽኑ ተገልብጦ ከሥር ታስሯል። የሚሄደው እንጨቱ ነው፣ የሚመራው ደግሞ ገበታው። ገበታው መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሰረጉድ ያ ስርጉድ በምታወጪው ቦይ ሁሉ ላይ ይታተማል። አንቺ የምትሠሪው የወጥ ቤት ቁም ሳጥን በር ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የበር ክፈፍ ላይ ራውተሩን በእጅሽ ብትይዢው ይወላገድብሻል፤ ጠረጴዛው ያስፈለገሽም ለዚሁ ነው። ቦዩ ከጫፍ ጫፍ እኩል ካልወጣ ግን ክፈፉ ማዕዘኑ ላይ ሲገጥም ደረጃ ይሠራል፤ በአራቱም ማዕዘን፣ በእያንዳንዱ በር። ያንን በብርጭቆ ወረቀት እያሻሸሽ ቀንሽን ትጨርሻለሽ።

ለገበታው ኤምዲኤፍ ግዢ። ዋንዛ እንዳማረሽ አውቃለሁ፣ ለዓይን ከዋንዛ የሚበልጥ እንጨት እኔም አላውቅም። ግን ጥድም ሆነ ዋንዛ፣ ጣውላ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ ይደርቃል፤ በወርዱ ሲያብጥና ሲሰበሰብ ይኖራል። ዋንዛውን ለበሩ አቆዪው። ቺፕውድም ይቅርብሽ፤ ላሜራው የሚቀመጥበትን እርከን ስትቀርጪ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ቪቴም አጥብቆ አይዝም። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር፣ ተደራርቦ በኮላ ሲጣበቅ 36 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሰጥሻል። አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 1.22 በ2.44 ሜትር ነውና ገበታውም ጋይዱም ከእሱ ወጥተው ይተርፍሻል።

ስታጣብቂያቸው ወለል ላይ አታስተኚያቸው። ሊሾ ለዓይን ለጥ ያለ ይመስላል እንጂ ጉብታና ስርጉድ አያጣውም፤ ኮላው ሲደርቅ ገበታው የወለሉን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ሁለት መቆሚያ ላይ የተጋደመ፣ ቀጥታው የተፈተሸ ወፍራም በር ይሻላል። ለመፈተሻ ቀጥ ያለ ነገር የለኝም እንዳትዪኝ፤ የአልሙኒየም መስኮት የሚሠራበት ቤት ሂጂና አንድ ሜትር የሚሆን ባለ አራት ማዕዘን ፕሮፋይል ትርፍራፊ ጠይቂ። ጠርዙን ተከትለሽ በተሳለ እርሳስ አስምሪ፤ ከዚያ ገልብጪውና ያንኑ ጠርዝ ከመስመሩ ማዶ አስጠግተሽ እንደገና አስምሪ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ቀጥ ነው። መሃል ላይ ከተራራቁ የምታዪው የስህተቱን እጥፍ ነው፣ ሌላ ቁራጭ አስመርጪ። ደህናውን ስታገኚ ገበታው ላይ በቁመት፣ በወርድና በሁለቱም ሰያፍ አቁሚው፤ ከኋላው ባትሪ አብሪ። ብርሃን በሾለከበት ቦታ ገበታው ሰርጉዷል።

ገበታውን በሁለቱም ፊት ፎርማይካ ለብጪው። ብዙዎች የላዩን ብቻ ለብጠው ይተዉታል፤ እርጥበቱ በታች በኩል ብቻ ሲገባና ሲወጣ ገበታው ይጎብጣል። ለታችኛው ፊት ሱቁ የተረፈውን፣ ቀለሙ ያልተወደደውን መውሰድ ትችያለሽ፣ ማንም አያየውም።

እግሩ ላይ ብዙ አላስቆምሽም። 40 በ40 ቱቦላሬ ሰፈርሽ ያለ ብየዳ ቤት በልክሽ ይበይድልሻል። ከፍታውን ግን በራስሽ ቁመት ለኪ፤ ከክርንሽ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ለብዙ ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ገበታው ከእግሩ በአራቱም ጎን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ተርፎ ይውጣ፤ ሞርሳ የሚነክስበት ጠርዝ ያስፈልግሻል። ሞተሩ በሚንጠለጠልበት ቦታ ግራና ቀኝም ሁለት ድጋፍ ከፊት ወደ ኋላ ይለፍ።

ላሜራው ላይ አትቸኩዪ። 6 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም፣ 23 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ይበቃሻል። ብርጭቆ የሚመስለው አክሪሊክ አምሮ ይታያል፣ ግን አራት አምስት ኪሎ ሞተር ተንጠልጥሎበት ሲከርም መሃሉ ይረግባል። የራውተሩን የፕላስቲክ ሶል ፈትተሽ ላሜራው ላይ አስቀምጪና ቀዳዳዎቹን ከእሱ ቅጂ፤ በሜትር ለክቼ እቀዳለሁ አትበይ። የቪቴዎቹ ራስ ከላሜራው ፊት ዝቅ ብሎ ይስመጥ። ላሜራው ከፕላስቲኩ ስለሚወፍር ረዘም ያለ ቪቴ መግዛትሽ አይቀርም።

ገበታው ላይ ቦታውን ስትመርጪ መሃል ለመሃል አታድርጊው። ከግራና ከቀኝ እኩል ይሁን፣ ከፊት ግን ፑንታው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይራቅ፤ ስትሠሪ ገበታው ላይ ተንጠራርተሽ ሚዛንሽን ማጣት የለብሽም። ላሜራውን በቦታው አስቀምጪ፣ ዙሪያውን ቀጥ ያሉ አራት የኤምዲኤፍ ቁራጮች ጥብቅ አድርገሽ ክበቢውና በሞርሳ ያዢያቸው፤ ከዚያ ላሜራውን አንሺ። ኩሽኔት ከላይ ያለው ፑንታ በእነዚያ ቁራጮች ውስጥ ዙሪያውን ሲሄድ የላሜራውን ትክክለኛ ልክ ይቀርጽልሻል። በ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ ከቀረጽሽ ማዕዘኑ በ6 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይዞራል፤ የላሜራውን ማዕዘን በሞረድ በዚያው ልክ አክብቢው። ጥልቀቱን ከላሜራው ውፍረት በአንድ ሚሊ ሜትር አሳልፊ። ከዚያ የውስጡን ቆርጠሽ ስታወጪ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ እርከን ዙሪያውን ተዪ፣ በአራቱ ማዕዘን እርከኑ ላይ ቪቴ ትከዪ። ቪቴዎቹን ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ላሜራውን ከገበታው ጋር ታስተካክያለሽ። ጥፍርሽን ከገበታው ወደ ላሜራው፣ ከላሜራው ወደ ገበታው አሻግሪው፤ ከያዘሽ እንጨቱንም ይይዘዋል። ለጠቅላላው ጠረጴዛ ከያዝሽው ጊዜ ግማሹ እዚህ ቢያልቅ አልገረምም።

ጋይዱ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። የመጋዝ ጠረጴዛ ጋይድ ከምላጩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ፑንታ ግን ክብ ስለሆነ ጋይዱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ ሐዲድም ቁጥርም አያስፈልግሽም፤ ቀጥ ያለ ሁለት ኤምዲኤፍ በኤል ቅርጽ አጣብቀሽ፣ ከኋላው ሦስት ማዕዘን ድጋፎች ሰጥተሽ፣ በሁለት ሞርሳ ገበታው ላይ እሰሪው። በጣም ትንሽ ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግሽ አንዱን ሞርሳ ብቻ ፍቺ። ፑንታው ከሁለቱ ጫፍ እኩል ርቀት ላይ ካለ፣ የተፈታውን ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ስትገፊው ፑንታው ጋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጋይዱ ለገበታው ቀጥ ብሎ መቆሙን ግን በስኳድራ በሦስት ቦታ እዪ። ለመስቀለኛ ቆረጣ ገበታው ላይ ቦይ ቅረጪ የሚሉሽን አትስሚ፤ ቀኝ ማዕዘን የሆነ ሰፊ ቁራጭ ከሥራሽ ኋላ አድርገሽ ጋይዱን ተከትለሽ ብትገፊ ያው ነው፤ በዚያ ላይ እንጨቱ መውጫው ላይ እንዳይሰነጠር ይደግፍልሻል።

አሁን ማብሪያ ማጥፊያው። ይህን ጆሮሽን ሰጥተሽ ስሚኝ። የራውተሩ የራሱ ማብሪያ ከገበታው ሥር ነው፤ አንድ ነገር ሲነክስብሽ ጎንበስ ብለሽ በእጅሽ ልትፈልጊው አትችዪም። ከገበታው ፊት፣ በጉልበትሽ እንኳ ልትመቺው የምትችይው ትልቅ ቀይ ማጥፊያ ይኑርሽ። ደግሞ ተራ ማብሪያ አይሁን። እኛ ቤት መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። በሥራ መሃል መብራት ሲሄድብሽ ማሽኑ ይቆማል፣ አንቺም ቡና ልትጠጪ ትገቢያለሽ፤ ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራት ሲመጣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ምናልባት ልጅ በቆመበት፣ ፑንታው በደቂቃ 20 ሺህ ጊዜ መዞር ይጀምራል። መብራት ሲቋረጥ ራሱ የሚወድቅና ዳግም ካልተጫኑት የማይነሳ ባለ ማግኔት ማብሪያ አለ፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጩን “መብራት ሲመጣ ራሱ የማይነሳ” ብለሽ ጠይቂ። መሳቢያዎቹን ትተሽ በገንዘባቸው ይህን ብትገዢ ደስታዬ ነው። ገመዱም አይርሳሽ፤ 1600 ዋት ራውተር በ220 ቮልት ከ7 አምፒር በላይ ይስባል፣ የቴሌቪዥን ማራዘሚያ ለዚህ አልተሠራም። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ኧርዝ ያለው፣ ሳይጠቀለል ተዘርግቶ ይሁን።

ፑንታ ስትቀይሪ ሶኬቱን ንቀዪ፤ ማጥፋት አይበቃም። የፑንታውን እግር ከመግዛትሽ በፊት ለኪ። ገበያ ላይ 6 ሚሊ ሜትርም አለ፣ 6.35 የሆነው ሩብ ኢንችም አለ፤ 12ም አለ፣ 12.7 የሆነው ግማሽ ኢንችም አለ። ለዓይን አንድ ናቸው። 6 ሚሊ ሜትሩን በሩብ ኢንች ኮሌት (የፑንታውን እግር በሚይዘው አንገት) ውስጥ ብታጠብቂው የያዘ ይመስላል፣ ሲዞር ግን ሾልኮ ይወጣል። እግሩን እስከ ታች አስገቢና ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር መልሰሽ አውጪ፣ ከዚያ አጥብቂ።

ፍጥነቱንም በፑንታው ስፋት ለውጪ። እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያለው በ24 ሺህ ዙር ይሄዳል። የበር ፓነል የሚያወጣው ትልቁ ፑንታ ግን 80 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ እሱን በ24 ሺህ ብታስነሺው ጠርዙ በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ወደ 12 ሺህ አውርጂው። ፍጥነት መቀነሻ የሌለው ራውተር ከሆነ ትልቁን ፑንታ አትግዢ። በአንድ ጊዜም ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ አትብዪ፤ ፑንታውን ትንሽ ትንሽ ከፍ እያደረግሽ ደጋግሚ።

አቅጣጫው ሁልጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ማሽኑ ስለተገለበጠ ፑንታው ከላይ ስታዪው ወደ ግራ ይዞራል፤ ከቀኝ ስትገፊ ጥርሱ ግፊትሽን እየተቃወመ እንጨቱን ጋይዱ ላይ ይለጥፈዋል። ከግራ ከገፋሽ እንጨቱን ከእጅሽ ነጥቆ ይወረውረዋል፣ እጅሽም የሄደበትን ይከተላል። በፑንታውና በጋይዱ መካከል እንጨት በፍጹም አታሳልፊ። ትንሽ ቁራጭ አትግፊ፤ ሰፊው ላይ ሥሪና ኋላ ሰንጥቀሽ አውጪው። እንጨቱን ጋይዱ ላይ የሚጫን ጥርሳም መጫኛ ራስሽ ትሠሪያለሽ፤ የሰባት ሴንቲ ሜትር ጣውላ ጫፍ በ30 ዲግሪ ቁረጪ፣ በየ6 ሚሊ ሜትሩ አምስት ሴንቲ ሜትር በመጋዝ ሰንጥቂ። ጸጉርሽን ሰብስበሽ እሰሪ፣ ነጠላ ከአንገትሽ አውልቂ፣ ጓንትም አታድርጊ።

ሰጋቱራውን ከጋይዱ ኋላ በቀዳዳ በቫኪዩም ምጠጪ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ በጣም ደቃቅ ነው። ጭንብልና የጆሮ መሸፈኛ በየቀኑ፣ ለአንድ ቁራጭም ቢሆን። ሞተሩን ከሥር በሳጥን ከከደንሽው አየር መግቢያ ተዪለት፣ አለዚያ ይግላል።

ሁሉም ሲገጥም አንድ ሜትር የሚሆን የኤምዲኤፍ ዘንግ ከቀኝ ወደ ግራ አሳልፊና የቦዩን ጥልቀት በካሊፐር በሁለቱ ጫፍና መሃል ላይ ለኪ። ልዩነቱ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ካለፈ መጀመሪያ ዘንጉን ከላይ በመጫኛ ይዘሽ ድገሚው፤ ልዩነቱ ከጠፋ ያነሳው እጅሽ ነበር። ካልጠፋ ፕሮፋይሉን እንደገና ገበታው ላይ አቁሚና የላሜራውን ማዕዘን ቪቴዎች አስተካክዪ። የበሩን እንጨት የምትቆርጪው ከዚያ በኋላ ነው።