ከቀላል ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምን ስለ ማስታገስ

የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በዚያው ቀን ቤቱ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል። መድኃኒት ያስለምዳል ብለን ስለምንፈራ ነው። ነገር ግን የሚያመው ሰው በጥልቀት አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋ አይነሣም። በዚህም ሳንባው አክታ ሊይዝ፣ በእግሩ ደም ሥር ደም ሊረጋ ይችላል።

ፓራሲታሞል ሱስ አያስይዝም። ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ ጉበትን ይጎዳል። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ መጠኑን ሐኪም ይጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠብቁ በሰዓቱ መዋጥ ይበልጣል።

እኛ ሞያሌ ያለን ሰዎች መድኃኒት ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም እንገዛለን። ፓናዶል የሚባለው ፓራሲታሞል ራሱ ነው። የተለያዩ መስለውት ሁለቱንም የሚውጥ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ብዙ የጉንፋን ክኒኖችም ውስጥ ስላለ ማሸጊያውን እናንብብ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችንም እናንብብላቸው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አንድ ወገን ናቸውና አይደራረቡ፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰዳቸው።

በዚያው ቀን በሰው ድጋፍ ጥቂት መራመድ ጥሩ ነው። ሲያስሉ ቁስሉን በተጣጠፈ ነጠላ ደገፍ ማድረግ ሕመሙን ይቀንሳል። ውኃ መቅዳትና እንጨት መሸከም ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ለሌላ ሰው ይተው፤ ይህን በተለይ ለእናቶች እንላለን፣ የሚተውለት ሰው ከተገኘ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከደማ ወይም መግል ከያዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ አንድ እግር ካበጠ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል።