ከወዲህና ከወዲያ የተያዘ ድልድይ



ክረምት ሲገባ ወንዝ ሰውን ከሰው እንዴት እንደሚለያይ እኛ የዳባት ልጆች እናውቃለን። በበጋ በእግር የምንሻገረው ጅረት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ገበያተኛውን፣ ተማሪውን፣ ምጥ የያዛትን እናት ከማዶ ያስቀራል። ስለዚህ ለዛሬ ትምህርታችን የዓባዩን ሰባራ ድልድይ መርጠናል።

ይህ ድልድይ በሞጣና በእንዳቤት መካከል ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኝ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲል በድንጋይ አሠሩት። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈርሶ ቀረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ ወዲያ መንገደኛው በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። የአንዱ ወገን እጅ ቢላላ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ ልቡ ተነካ። ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅትም አቋቋመ። በ2002 የተሰበረው መካከል በብረት ተጋጠመ፤ ነገር ግን በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ተንጠልጣይ የሆነው ለምንድን ነው? ይህ ዓይነቱ ድልድይ እግሩን በውኃው መካከል አይተክልም። ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ ይያዛል። ልብስ የምናሰጣበትን ገመድ እናስታውስ፤ እርጥብ ጋቢ ስንጥልበት መካከሉ ዝቅ ይላል፣ ጫፎቹ ግን የታሰሩበትን ግንድ ይጎትታሉ። በድልድዩም እንዲሁ ነው። የተሻጋሪው ክብደት በገመዱ አልፎ ወደ ሁለቱ ዳርቻ ይሄዳል። እዚያ በመሬት ውስጥ የተቀበረው ግንብ ሸክሙን ይይዛል። ተሻጋሪው ገመዱን ያያል እንጂ የተቀበረውን አያይም።

እንግዲህ ልብ እንበል። ትናንት ሰዎች በእጃቸው ይይዙት የነበረውን ዛሬ ግንቡ ያዘው፤ ነገሩ ግን አልተለወጠም። አንዱ ዳር ብቻውን ድልድይ አይሆንም። ሁለቱም ካልያዙ ማንም አይሻገርም። ገመዱ እንዳይዝግ፣ ብሎኑ እንዳይላላ መጠበቅም የሁለቱም ወገን ሥራ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1ኛ/ በሰፈራችን በክረምት ከማዶ የሚቀሩት እነማን ናቸው?
2ኛ/ ተጣልተን የተለያየን ካለን፣ በእኛ በኩል ያለውን ጫፍ ይዘናልን?