ልጁ መቼ ተቀመጠ? መቼ ሄደ?

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆነውም ሁለት ቃል አገጣጥሞ አይናገርም። ሥራ ስውል የምትይዘው እናቴ ናት። ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ መቼ እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደሄደ ተጠየቅን፤ መልሳችን ተለያየ። ይህ ሁሉ ለምን ይጠየቃል?
እናት፣ ከገላን ኮንዶሚኒየም

መልስ፦ የመልሳችሁ መለያየት አያሳስብዎ፤ የተለመደ ነው። ንግግር የሚዘገየው በመስማት ችግር፣ በወሊድ ጊዜ በደረሰ መታፈን፣ በከባድ የአራስ ቢጫነት፣ በኦቲዝም ወይም በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ፣ ያለፈውን የሚነግሩት አሳዳጊዎቹ ብቻ ናቸው።

ቀኑ ቢረሳም በዓልና ክትባት ያስታውሳሉ። ክርስትና ከተነሣ፣ ያኔ ፊት አይቶ ፈገግ ይል ነበር? የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሲወስድ ያለ ድጋፍ ይቀመጥ ነበር? የክትባት ካርዱንና በስልክ የቀረጹትን ቪዲዮ ይያዙ። አብዛኞቹ ልጆች እስከ 18 ወር ብቻቸውን ይራመዳሉ።

እናትዎም አብረው ቢቀርቡ መልካም ነው። ስሙ ሲጠራ መዞሩን፣ የሚፈልገውን በጣቱ መጠቆሙን፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር መጫወቱን ውሎውን የሚያዩት እርሳቸው ናቸው።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ቤተሰብ ያዘናጋል። በዚህ ዕድሜ ሁለት ቃል አለማገጣጠም ብቻውን ለመስማት ምርመራና ለሕፃናት ሐኪም ያበቃል፤ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍልዎ ይችላል። ኦቲዝም ከተጠረጠረ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉ ወይም የሚጥል ሕመም ምልክት ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት።